ባለቤት የሌላቸው ግሦች

አዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለአቶ ገብረጻድቅ፣
አዲስ አበባ

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ። መልሱን ከሁሉ በፊት ላስቀድም፤ ካለዚያ እንደ ልማዴ ሦስት ገጽ ዙሪያውን እሄድና አደክምዎታለሁ። አዎ! ዘጠነኛውን ምዕራፍ እጽፈዋለሁ።

ደብዳቤዎን የከፈትኩት እዚሁ አዋሳ ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። ገና ግማሹ ላይ ስደርስ ጮኼ ኖሮ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝና «ምነው ልጄ፣ መርዶ ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ተውላጠ ስም ነው» አልኳቸው። «እግዜር ያጽናሽ» ብለውኝ ሄዱ።

በትክክል ገብቶኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። የሠላሳ ዓመት ማስተማርዎ የተጠራቀመበት መጽሐፍ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጀው የፈረንሳይኛ ሰዋስው፣ ከአሥራ አንዱ ምዕራፍ አሥሩ አልቋል። የቀረው ዘጠነኛው፣ ማንንም የማይተኩት ተውላጠ ስሞች ምዕራፍ ነው። ማተሚያ ቤቱ እስከ ግንቦት ሠላሳ ካልተረከበ፣ ከዚያ በኋላ የማተሚያ መኪናዎቹ በሙሉ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ስለሚያዙ መጽሐፉ ወረፋውን ያጣል፤ ሁለተኛ ወረፋ ደግሞ በእርስዎ ዕድሜ አይጠበቅም። ይህቺን የመጨረሻዋን የጻፏት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አልስማማባትም።

አዋሳን ለመድሽው ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ ከተማዋ ምንም አልበደለችኝም። ጥፋቱ የዚያች በምደባው ቀን ከካርቶን ውስጥ ያወጣኋት የዕጣ ወረቀት ነው። በፈረንሳይኛ ተመርቄ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ምሥራቅ በሚባለው ሠፈር፣ አቶ ጠሀ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። አቶ ጠሀ ፒያሳ ሱቅ አላቸው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ፈረንሳይኛ ሳነብ በግድግዳው ይሰሙኛል። በቀደም «አስተማሪዋ፣ ለመሆኑ የሚመልስልሽ ሰው አለ?» አሉኝ። እስካሁን አልነበረም። አሁን ግን አለ።

እህትዎን እትዬ ሙሉጌጥን ሰላም ይበሉልኝ። ቀጥላ ያለችውን መስመር ግን አያንብቡላቸው፦ በሩን ከፍተው «ይኸው መጣች ደግሞ ይህቺ ቀጫጫ፣ ምግብ የማይጠጋት!» ሲሉኝ የነበረው እስከ ዛሬ በሕልሜ ያስደነግጠኛል።

አክባሪ ተማሪዎ
ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ተማሪዬ ለታቢታ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? በጽሕፈት መኪና ስለጻፍኩልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰው ለልጁ በእጁ ነው የሚጽፈው። እጄ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ አስቸግሮኝ ነው። ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽው፣ ለዕድሜዬ የሚበቃ ጤና አለኝ። ስለ ሌላው ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

ሙሉጌጥ «ቀጫጫ ያልኳት አዝኜላት ነው» ብላለች።

ምዕራፉን ከግራ መጋባቱ ጀምሪ። ሌሎቹ ተውላጠ ስሞች ከጀርባቸው ሰው ወይም ዕቃ አለ። የዘጠነኛው ምዕራፍ ግን የባዶ ቤት ምዕራፍ ነው። «ኢል» ዝናብ ያዘንባል፣ ሰዓቱን ስድስት ያደርጋል፣ የግድ ነው ይላል፤ ማን ነህ ብለሽ በሩን ስታንኳኪ ውስጥ ማንም የለም። «ኦን» ሁሉም ሰው ነው፣ ማንም አይደለም፤ በዛሬው ንግግር ደግሞ «እኛ» ሆኖ ቁጭ ይላል። «ሳ» ጣት ነው፤ «ያ» እያለ ያመለክታል። «ለ» የምትባለዋ ትንሿ ቃል አንዳንዴ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በኪሷ ይዛ ትሄዳለች። የእኛ ተማሪ ወንድና ሴት ለይቶ ያደገ ነውና ወንድም ሴትም ያልሆነ ነገር ሲመጣበት ይጠፋበታል። እኔ ድሬዳዋ ለምድር ባቡር ሠራተኛ ልጆች ሳስተምር አንዱ ተማሪዬ «የኔታ፣ ይህ ኢል የሚሉት ሰውዬ ሥራው ብዙ ነው፤ ደሞዙ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ምሳሌዎችሽን ከመጽሐፍ አትቅጂ። ወጥተሽ ፈልጊያቸው።

መምህርሽ
ገብረጻድቅ


አዋሳ፣ ጥር 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለአቶ ገብረጻድቅ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ! እኛ ዘንድ ገና እንዴት እንደዋለ፣ የጸሎት ቤታችንም ነገር፣ ለደብዳቤ አይሆንም። እሱን በአካል ስንገናኝ።

ለእትዬ ሙሉጌጥ ለምን አነበቡላቸው?! ከእንግዲህ በየት በኩል ነው እቤትዎ የምገባው?

ምሳሌ ፍለጋ ባሉኝ መሠረት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች መካከል ብርቅዬ የምትባል ደንበኛዬ አለች። «ብርቅዬ፣ ዘነበ ስንል ማነው የዘነበው?» አልኳት።

«ዘነበ? የቀበሌያችን ዘበኛ ነዋ! ምን አደረገሽ?» አለችና ቢላዋዋን አነሣች።

ሁሉም ሳቁ። መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሣቁ ባሰ። ምን አሉ ብላት፣ ብርቅዬ «አስተማሪ ነኝ ትላለች፤ ማን እንደሚያዘንብ ሳታውቅ ነው ደሞዝ የምትበላው? ነው የሚሉሽ» አለችኝ። ከዚያ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ ትከሻዋን ሸፈን አደረገችና «ኧረ በረደኝ» አለች።

መምህሬ፣ ቆሜ ቀረሁ። ማነው የበረዳት? ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደስ አለኝ። እኛም እኮ «ኢል» አለን! ግሡ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ስለተቀመጠ ስም አላወጣንለትም እንጂ። ተማሪው ፈረንሳይኛ ከመጀመሩ በፊት እንግዳው ቤቱ ውስጥ እንዳለ ብናሳየው ምን ይጠፋበታል? ምዕራፉን በዚህ ጀመርኩት። አሥራ አራት ገጽ አያይዣለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህራችን ጓድ ግዛቸው «ቅዳሜ ሁሉም ለልማት ሥራ እንዲወጣ ተወስኗል» አሉ። እኔ ልቤ ምዕራፉ ላይ ነበርና ሳላስበው «ማን ወሰነ?» ብዬ ጠየቅሁ። እሳቸውም ወደ እኔ ዞሩ። «ተወስኗል ነው የተባለው፣ ጓዲት ታቢታ!» ተቀመጥኩና ደብተሬ ጥግ ላይ «ኦን፣ ምሳሌ አሥራ ሁለት» ብዬ ጻፍኩ።

ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለታቢታ፣

አሥራ አራቱ ገጽ ደርሶናል። በጣም ጥሩ ነው። የዓሣ ሻጯን ነገር ሁለት ጊዜ ደግመን ስቀናል። «በረደኝ» ብለሽ መጀመርሽን ወድጄዋለሁ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለምን አልመጣልኝም ብዬም ቀንቻለሁ።

ምሳሌ አሥራ ሁለትን ሰርዢ። ከደብተርሽም ቅደጂው። ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ጥያቄን ግን የሚጠየቀውን ሰው አይቶ ማቅረብ ይገባል። እዚህ ቤት ሁለት ሰዎች ስለ አንቺ እንቅልፍ አጥተዋል። ከስብሰባው በኋላ የጠራሽ ሰው ካለ ጻፊልኝ፤ ከሌለም የለም ብለሽ ጻፊልኝ።

ፈረንሳይኛውም ደኅና ነው። እንዳለ ይሁን። ቀጥዪ።

ገብረጻድቅ


አዋሳ፣ የካቲት 21 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለአቶ ገብረጻድቅ፣

የጠራኝ ሰው የለም። ቅዳሜ ወጥቼ ድንጋይ ተሸከምኩ፣ ጓድ ግዛቸው «ጎበዝ» አሉኝ፣ በዚያው አለቀ። ምሳሌ አሥራ ሁለት ተቀዷል።

አሁን የምጽፈውን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እንደ ድፍረት አይዩብኝ።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ገጽ ሰጥቼዎት ሃያ ሦስት ቀይ ምልክት አድርገው መልሰውልኛል። አንድ ጭረት ከአንድ ፊደል ራስ ላይ ብትቀር «ይህች ቃል ባርኔጣዋን ረስታ ወጥታለች፤ ብርድ ይመታታል» ይሉኝ ነበር። በዚያ ቀይ ቀለም አልቅሻለሁ፣ በዚያ ቀይ ቀለም ነው ደግሞ የተማርኩት። አሁን አሥራ አራት ገጽ ላኩልዎ፤ አንድ እርማት የለም። «እንዳለ ይሁን» ይሉኛል።

ልናዘዝ። ጥር ላይ ገጽ ዘጠኝ ውስጥ ሁለት ስሕተት ሆን ብዬ አስገብቻለሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የማያልፈው ስሕተት። የሚቆጡኝ ድምፅ ናፍቆኝ ነው ያደረግሁት። ዝም ብለው አለፉት።

ስለዚህ ቁርጡን ይንገሩኝ፤ አንብበውታል ወይስ አላነበቡትም? የእኔ ሥራ ለማንበብ የማይበቃ ከሆነ እችለዋለሁ። የማልችለው ለይምሰል ጥሩ ነው መባልን ነው። መልስዎ እስኪደርሰኝ አንድ ገጽ አልጽፍም። ግንቦት እየመጣ መሆኑን አውቃለሁ።

ታቢታ


አዋሳ፣ መጋቢት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለአቶ ገብረጻድቅ፣
እንዲሁም ይህን ደብዳቤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሚያነቡላቸው ለእትዬ ሙሉጌጥ፣

እትዬ ሙሉጌጥ፣ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና ይስጥልኝ። እባክዎ እዚህ ላይ አያቁሙ። የሚከተለውን አንዲት ቃል ሳይዘሉ ያንብቡላቸው።

ትናንት የደረሰኝ ፖስታ ውስጥ ሁለት ነጭ ወረቀት ነበር። ባዶ። መጀመሪያ ያሰብኩት ለድፍረቴ የተሰጠኝ መልስ ነው ብዬ ነው፤ «ላንቺ የምለው የለኝም» እንደማለት። ወረቀቶቹን ይዤ መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። በኋላ ወረቀቱን ልጥለው ወደ መስኮቱ ሳነሣ ጥቃቅን ጉድጓዶች አየሁበት። የጽሕፈት መኪናዎ ሪባን አልቋል። ፊደሎቹ ያለ ቀለም ወረቀቱን ወግተው ሄደዋል። እርሳሴን አጋድሜ በቀስታ ስጠርግበት አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። ያነበብኩትን እንዳለ ገልብጬልዎታለሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ፦

«ልጄ ታቢታ፣ ሙሉጌጥ ለቅሶ ሄዳለች። ከጻፍኩ በኋላ የሚያይልኝ የለምና ፊደል ብገድፍ ይቅር በይኝ። አድራሻሽን የጻፈችባቸው ፖስታዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱን ለጎረቤት ልጅ እሰጣለሁ። አላነበብኩትም። የአንቺን ብቻ አይደለም፣ ካለፈው ሰኔ ወዲህ ምንም አላነበብኩም። የግራው ዓይኔ ከሄደ ቆይቷል፤ የቀኙ መስኮት የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ሐኪሙ የሚደረግ ነገር የለም ብሎኛል። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ያልጻፍኩት ጊዜ አጥቼ አልነበረም። ደብዳቤዎችሽን የምታነብልኝ ሙሉጌጥ ናት። በመሠረተ ትምህርት ነው ማንበብ የተማረችው፤ የእኛን ፊደል እንጂ የፈረንጁን አታውቅም። ከምዕራፍሽ የሰማሁት አማርኛውን ብቻ ነው። ፈረንሳይኛው ጋ ስትደርስ ‹እዚህ የፈረንጅ ነው› ብላ ትዘለዋለች። አንቺ ብርድና ዓሣ ገበያ ስትልኪልኝ እኔ ውሸት መለስኩልሽ። ያልሰማሁትን መጽሐፍ በስሜ አላሳትምም። ሰኞ ሙሉጌጥን ልኬ ማተሚያ ቤቱን መጽሐፉ ቀርቷል አስብላለሁ። ለሌላ ሰው አትንገሪ፤ እንዳትነግርሽ ሙሉጌጥን አስምያታለሁና እኔ እንደነገርኩሽ ብታውቅ ታዝናለች። ቀጫጫነትሽን ሐኪም ይይልሽ። ገብረጻድቅ።»

ይኸው ነው። ምሥጢሩን ደብቂያቸው ካሉኝ ሰው በቀር ይህን የሚያነብልዎ ስለሌለ ለራሳቸው አስነበብኳቸው። እትዬ ሙሉጌጥ፣ አይዘኑ፤ እርስዎ መሐላዎን ጠብቀዋል።

መምህሬ፣ ስለ የካቲቱ ደብዳቤ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። የሚበቃ ቃል አላገኘሁለትም። ሳገኝዎ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ፤ እስከዚያ ግን ሥራ አለን። ሰኞ ትናንት ነበር። መልእክቱ ሄዶ ከሆነ ይመልሱት። አሥራ አራቱን ገጽ ከትናንት ጀምሮ እየገለበጥኩ ነው፤ ፈረንሳይኛውን በሙሉ በእኛ ፊደል። እትዬ ሙሉጌጥ ያነባሉ፣ እርስዎ ይሰማሉ፣ ያርማሉ። እኔ ደግሞ እርማቱን ተቀብዬ በፈረንጁ ፊደል ለማተሚያ ቤቱ አዘጋጃለሁ። ሰባ ዘጠኝ ቀን አለን።

ይህን ደብዳቤና የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጽ ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ሹፌር ለአቶ ተፈራ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ከትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ለምኜ ያገኘሁት አዲስ ሪባንም አብሮ አለ።

ታቢታ


አዲስ አበባ መጋቢት 20 ቀን 1976

ለልጄ ለታቢታ

በመሠረተ ትምህርት ያስተማረችኝ ልጅ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብላኛለች። ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የምጽፈው እኔ ሙሉጌጥ ነኝ። በዕድሜዬ የጻፍኩት ሁለተኛ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ለቀበሌ ነበር።

የቀሩት ገጾችም ደርሰውናል። ሪባኑን አስገብተናል። የጎረቤታችን የጽጌሬዳ ባል ነው ያስገባው።

ሰኞ ዕለት ማተሚያ ቤት ሄደሽ መጽሐፉ ቀርቷል በይ ብሎኝ ነበር። ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው ብዬ ተመለስኩ። ወረፋ አልነበረም። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። እሱ ተደብቆ የሚጽፍ ከሆነ እኔም እችላለሁ።

ቀጫጫ ብዬሽ ተቀይመሽ ከሆነ ተቀየሚ። ሲያስጠናሽ እሱም አንቺም ምሳ ትረሱ ነበር። እሱን መቆጣት አልችልም፣ ታላቄ ነው። አንቺን ተቆጣሁ።

አሁን ስለ ፈረንሳይኛው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ሁለት ገጽ አነባለሁ። ኢል ፕለ፣ ይዘንባል ነው አሉ፣ የሚለውን ፕሎ ብዬ ሳነብ ፕሎ አይደለም፣ ከንፈርሽን አሹዪ ይለኛል። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ከንፈሬን አሾልኩ። እንደ ሕፃን ልጅ ደግሚ እያለ አስሬ ያስደግመኛል። ጽጌሬዳ በአጥሩ ሰምታ እትዬ ሙሉጌጥ ይህ ኢል የሚሉት ሰው እናንተ ቤት ገባ እንዴ አለችኝ። አዎ ገብቷል፣ ምሳ አይበላ፣ ወሬ የለው አልኳት።

ከሰኔ ወዲህ ግድግዳ ነበር የሚመለከተው። ትናንት ገጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ቁሚ አለኝና ይህቺ ልጅ ምን ነካት ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ሁለት ጊዜ ጮኸ። እኔ ደንግጬ ምን አጠፋሁ ስለው አንቺ አይደለሽም እሷ ናት አለኝ። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ደስ ብሎት ዋለ።

ቶሎ ቶሎ ላኪ። ጽሕፈትሽን ደግሞ ከፍ ከፍ አድርጊው፣ እኔም ዓይን የለኝም።

ሙሉጌጥ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለታቢታ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ከአዲሶቹ ገጾች ጋር በላክሻት ማስታወሻ «ተቆጥተውኛል?» ብለሽ ላቀረብሽው ጥያቄ፣ አዎ፣ በጣም። የገጽ ዘጠኙን ሁለቱን ስሕተቶች አንቺ ብትተክያቸውም በአካባቢያቸው አምስት ሌሎች በቅለዋል፤ እነዚያን ማን ተከላቸው? እስከ ገጽ ሃያ ሁለት ድረስ ሠላሳ ሰባት ቆጥሬያለሁ። ዝርዝሩን ሙሉጌጥ በጀርባው ጽፋዋለች። ባርኔጣቸውን የረሱትን ቃላት በጆሮ ማግኘት አልችልም፤ እነሱን በአንቺ ኅሊና ላይ ጥያለሁ።

ስላልነገርኩሽ አታዝኚ። ነገሩን በቃል ካወጣሁት እውነት ይሆናል ብዬ ነበር። ሽማግሌም እንዲህ ያስባል።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። «ሳ» የሚለውን ክፍል እንደገና ጻፊው። የተሳሳተ ነገር የለውም፤ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ «ሳ ጣት ነው» ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ፣ አንቺም እሱን ተከትለሽ ሄድሽ። ትናንት ሙሉጌጥ «ያንን አቀብለኝ» አለችኝ። «የቱን?» «ያንን!» «የቱን ነው ያንን?» መጥታ እጄን ይዛ ዕቃው ላይ አስቀመጠችው። ብርጭቆ ነበር። ታቢታ፣ ለማያይ ሰው ጣት ምንም አያመለክትም። የእኛ ተማሪ ደግሞ ፈረንሳይን አይቶት አያውቅም፤ የመንገዱን፣ የገበያውን፣ የጓዳውን «ያ» አያውቀውም። ስለዚህ እጁን ይዘሽ ውሰጂው። እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ባውቅ ኖሮ እኔ እጽፈው ነበር።

ሌላም ጠይቀሽኛል፤ መጽሐፉ ከወጣ ከአዋሳ የሚያወጣሽ ሥራ ይገኝ ይሆን ብለሽ። ይገኝ ይሆናል። የሚቀጥሩሽን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ እጽፍላቸዋለሁ። ግን ክፍሉ ግንቦት ሠላሳ ሳይሞላ ይድረሰኝ።

ገብረጻድቅ


አዋሳ፣ ግንቦት 13 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለአቶ ገብረጻድቅና ለእትዬ ሙሉጌጥ፣

ይኸው አለቀ! ሠላሳ አንድ ገጽ። አንደኛው ቅጂ በእኛ ፊደል ለጆሮዎ፣ ሁለተኛው በፈረንጁ ፊደል ለማተሚያ ቤቱ። ሠላሳ ሰባቱን አርሜያለሁ። ባርኔጣ የረሱትን አሥራ ዘጠኝ አግኝቼ አልብሻቸዋለሁ፤ አፍሬያለሁ።

«ሳ»ን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪዎቼን ዓይናቸውን አስጨፈንኳቸውና አንዷን፣ ፈትያን፣ ከክፍሉ አንዱን ነገር በጣት ሳትጠቁም ለሌሎቹ ንገሪ አልኳት። «ያ» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። «ያ፣ ሁልጊዜ ሲዘጋ የሚጮኸው» ስትል ሁሉም በአንድ አፍ «በሩ!» አሉ። እንዲሁ ሄደ፤ «ያ፣ ዝናብ ሲመጣ እላያችን ላይ የሚያፈሰው»፣ «ያ፣ ጓድ ግዛቸው ሲገቡ ዝም የሚለው» ... ይኼኛው «እኛ!» ተብሎ ተመለሰ። ክፍሉን እንዲህ ነው የጻፍኩት። ከእያንዳንዱ «ሳ» በፊት ተማሪው የሚያውቀውን ነገር አንድ በአንድ አስጨበጥኩት፤ እጁ ሲሞላ ቃሉን ሰጠሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ አንድ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይቀራሉ፤ ፈረንሳይኛ ይፈልጋሉ። ስለዚህ «አሁንም ከአዋሳ መውጣት ትፈልጊያለሽ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልሴ እንደ ወትሮው ፈጣን አይደለም። እፈልጋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ግን አልፈልግም።

በአቶ ተፈራ እጅ ልኬያለሁ። ነገ ይደርስዎታል። እባክዎ ይቆጡ።

ታቢታ


ቴሌግራም
ከአዲስ አበባ፣ ግንቦት 27 ቀን 1976
ለታቢታ፣ በአቶ ጠሀ ሱቅ፣ ፒያሳ፣ አዋሳ

ረቂቁ ሠላሳ አንድ ገጽ ፊርማ ጎደለው። ሐሙስ ሳይዘጋ ነይ። ገብረጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለታቢታ፣

በሰላም መግባትሽን ከደብዳቤሽ ሰምተን ተደስተናል። ጓድ ግዛቸው የሁለት ቀን ፈቃድ ብቻ ሰጥተውሽ አንዲት ሰዓት እንኳን ሳትቆዪ በመሄድሽ ሙሉጌጥ እስከ ዛሬ ታማቸዋለች። ሦስት ነገር ጠይቀሻል፤ በተራ ልመልስልሽ።

ለምን ራሴ አልፈረምኩም? ሰኞ ዕለት ሙሉጌጥና እኔ ረቂቁን ተሸክመን ማተሚያ ቤት ገባን። ተረካቢው አቶ ፍቅሬ የሚባል ጨዋ ልጅ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ግርጌው ላይ በጻፈው ሰው መፈረም አለበት፣ ደንብ ነው አለን። ሙሉጌጥ ጣቴን የገጹ ግርጌ ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ እኔ እፈርማለሁ። ሦስት መቶ ስድሳ ገጽ እንዲህ ሄድን። ዘጠነኛው ምዕራፍ ጋ ስንደርስ እጄን አነሣሁ። «ጋሼ፣ ሠላሳ አንድ ገጽ ነው፤ ይፈርሙና ይገላገሉ፤ ማን ያውቃል?» አለኝ ልጁ፣ አዝኖልኝ። በጻፈው ሰው ነው ያልከው፣ አልኩት። ይህን ያደረግሁት ላንቺ ብዬ አይደለም። ያላነበብኩትን አንብቤያለሁ ብዬ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ያልጻፍኩትን ጽፌያለሁ ብዬ ልጨምርበት አልቻልኩም።

ሐሙስ ጠዋት አንቺ ስትፈርሚ ምን አስብ ነበር? ምንም። እየቆጠርኩ ነበር። ብዕርሽ ፈጣን ነው፤ አሥራ ሁለት ላይ ቀለሙ እንዳለቀ ከጭረቱ አውቄያለሁ፤ ከአቶ ፍቅሬ ተበደርሽ። ሠላሳ አንድ ስል ወንበርሽን ገፋሽ። ከዚያ «አውቶቡሱ ያመልጠኛል» ብለሽ ጉልበቴን ሳምሽኝና በሩ ተዘጋ። አቶ ጠሀ የላኩልንን ስኳር መስጠት ረስተሽ ከደረጃው ስትመለሺ ደግሞ እንደገና ሳምሽኝ።

ከሄድሽ በኋላ ምን ሆነ? ቅጽ ይሞላል። አቶ ፍቅሬ «የደራሲው ስም» አለ። ስሜን ነገርኩት። ጻፈ። «ሁለተኛም አለች» አልኩት።

«ቅጹ የተዘጋጀው ለአንድ ስም ነው፣ ጋሼ። መስመሩ አንድ ነው።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱማ ሰፊ ነው።»

ሙሉጌጥ ከጎኔ ሆና «ታዲያ ይህን የሚያህል ማተሚያ ቤት አንዲት መስመር ያጣል?» አለችው።

ልጁ ተነሣ። አለቃው ያለበት ክፍል በር ወደ ውስጥ ሲዘጋ ሰማሁ፤ የዘጋው እሱ ይሁን ነፋስ አላውቅም። ተመልሶ ተቀመጠ። መሳቢያ ከፈተ። ማስመሪያውን ቅጹ ላይ ሲያስተኛው፣ ከዚያም ከስሜ በታች እርሳሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲጎትተው ሰማሁ። አንዲት መስመር ለማስመር ይህን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አላውቅም ነበር። «የአባቷስ ስም?» አለኝ።

መምህርሽ
ገብረጻድቅ